ድርቅ የሚችለው ጓያ እግር እንዳይሰብር

ከባልትና ሱቅ ሽሮ የሚገዛ ሰው ሳይጠይቅ የማያልፋት አንዲት ጥያቄ አለች። «ጓያ የለበትም አይደል?» ይላል ገዢው። «ኧረ ንጹሕ ሽምብራና አተር ነው፤ እኛም የምንበላው ይህንኑ ነው» ይላል ሻጩ። ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ጓያ እግር ይሰብራል። ይሁን እንጂ ጓያ ማንን፣ በምን ያህል መጠን፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚሰብር ቢጠየቁ መልሳቸው ይለያያል። አንዱ «የቀመሰው ሁሉ አለቀለት» ይላል። ሌላው «አባቶቻችን ሲበሉት ኖሩ፤ ምን ሆኑ?» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በዛሬው ዝግጅታችን ይህን ሰብል በሦስት በኩል እናየዋለን፤ በገበሬው ማሳ፣ በእናቶች ድስትና በሕመምተኛው እግር። ሦስቱ የሚገናኙት ደግሞ ዝናብ በቀረበት ዓመት ነው።

ጓያ ከአተርና ከሽምብራ የሚዛመድ ጥራጥሬ ነው። ፍሬው ጠርዛማና ጠፍጣፋ ሆኖ የመጥረቢያ ምላስ ይመስላል። ሲከካ ውስጡ ቢጫ ስለሆነ ከሌላ ክክ ጋር ከተቀላቀለ መለየቱ ቀላል አይደለም፤ ከተፈጨ በኋላማ በዓይን መለየት ዘበት ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋና በትግራይ በስፋት ይዘራል። ከመቶ እጅ ከ25 ያላነሰ ፕሮቲን ስላለው ሥጋና እንቁላል ከዓመት በዓል ውጭ ለማይታይበት ቤት ትልቅ ሲሳይ ነው።

ለገበሬው ደግሞ ከምግብም በላይ ነው። ውሃ የሚቋጥረው ጥቁር የዋልካ መሬት በክረምት ጨቅይቶ ለሌላ ሰብል አስቸጋሪ ይሆናል። ዝናቡ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ መሬቱ ገና እርጥበቱን እንደያዘ ጓያ ይዘራበታል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከበቀለበት መሬት ላይ በቀረው እርጥበት ይበቅላል። ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ ባይጥል እንኳ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ የተረፈችውን እርጥበት እየማገ አብቦ ያፈራል። ውሃ ቢተኛበት አይበሰብስም፤ ፀሐይ ቢበረታበት አይጠወልግም። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ አረምና ተባይም እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች አያሸንፉትም። እንዲያውም በሥሩ ላይ ባሉ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ስለሚያጠራቅሙ ለቀጣዩ ዓመት ጤፍ ወይም ስንዴ መሬቱን ያለማል። ገለባው ለከብት መኖ ይሆናል።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ በተነሳ ቁጥር ድርቅ የሚቋቋም፣ ግብዓት የማይፈልግና አፈር የሚጠብቅ ሰብል ይፈለጋል ሲባል እንሰማለን። እንዲህ ያለውን ሰብል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በደንቢያና በደላንታ ማሳ ላይ ሰማያዊ አበባውን ዘርግቶ ለዘመናት ኖሯል። ችግሩ ሰብሉን ጠንካራ ያደረገው ተፈጥሮ በፍሬው ውስጥ ሌላም ነገር ማስቀመጡ ነው።

ይህ ነገር ተመራማሪዎች በአጭሩ ኦዳፕ የሚሉት ንጥረ ነገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በሕንድ ተመራማሪዎች ተለይቶ ታወቀ። በአንጎላችንና በኅብለ ሰረሰራችን ውስጥ የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል አለ፤ ኦዳፕ እርሱን ይመስላል። ስለሚመስለውም በእርሱ ቦታ ገብቶ ነርቮቹን ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሳቸዋል። ያለ ዕረፍት የተቀሰቀሰ ነርቭ በመጨረሻ ይሞታል። ቀድመው የሚጎዱት ከአንጎል ተነስተው እግርን የሚያንቀሳቅሱት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። በሕክምናው ቋንቋ በሽታው ላቲሪዝም ይባላል፤ ገበሬው ግን «ጓያ ሰበረው» ይለዋል፤ አባባሉም በሽታውን በትክክል ይገልጸዋል።

አመጣጡ ድንገተኛ የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰውየው ማታ ደኅና ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ እግሩ ይከብደዋል። ወይም ቀኑን ሙሉ ሲያርስ፣ ሸክም ሲሸከም ወይም ረጅም መንገድ ሲጓዝ ውሎ ማታ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። ባቱን ቁርጥማት ይይዘዋል፤ እግሩ እንደ እንጨት ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ተረከዙ መሬት መንካት ይተውና በእግሩ ጣቶች ይራመዳል፤ ጉልበቶቹም እንደ መቀስ እየተጠላለፉ ይጋጫሉ። ሐኪሞች የበሽታውን ደረጃ የሚለዩበት መንገድ ራሱ ልብ ይነካል፤ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድና የሚድኽ። በሽታው አይገድልም። አእምሮን አይነካም፤ እጅ በአብዛኛው ደኅና ነው፤ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠርም ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። ታማሚው ሙሉ ዕድሜውን ይኖራል፤ የሚኖረው ግን በዱላ ነው። የሞተ ነርቭ አይመለስምና የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። የጡንቻ ድርቀትን የሚያለዝቡ መድኃኒቶችና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ኑሮውን ያቀሉለት ይሆናል እንጂ የቀድሞ እግሩን አይመልሱለትም።

የሚጠቁትም በአብዛኛው ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ናቸው። ወንዶች ከሴቶች ይልቅ በብዛት ይያዛሉ። ምክንያቱ እስካሁን ሙሉ በሙሉ ባይለይም ከባድ የጉልበት ሥራ አንዱ ሰበብ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። እንግዲህ አራሹ ወድቆ ቤቱ ምን ላይ እንደሚወድቅ ማሰብ ነው። በሬ ጠምዶ ሞፈር የማይዝ ወጣት መሬቱን ለሌላ ያሳርሳል፤ ትዳር መመሥረት ይቸግረዋል፤ ያገባውም ትዳሩ ይናጋል፤ አንዳንዱ ወደ ከተማ ወጥቶ ለልመና ይዳረጋል። በሕክምና መዝገብ ላይ የነርቭ ሕመም ተብሎ የተጻፈው በገጠር ቤት የአንድ ጎጆ መፍረስ ነው።

በሽታው በአገራችን አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የጓያ በሽታ ወረርሽኝ ዘገባ አውጥቷል። በኋላም ታዋቂው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በደንቢያና በፎገራ፣ ቤት ለቤት ባደረጉትና በ1982 ዓ.ም. አካባቢ ይፋ በሆነው ጥናት በአማካይ ከ1 ሺህ ሰዎች 6 ያህሉ በበሽታው ተይዘው አግኝተዋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ ደግሞ ድርቅ የመታት ደላንታና ዳውንት ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች የተጠቁበት ወረርሽኝ ደረሰባት። በወሎ ደጋ ላይ ያለችው ይህች አካባቢ ገብሷና ባቄላዋ ሲከዷት የቀረላት ጓያ ነበር።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ናፖሊዮን ስፔንን በወረረ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1811 እና 1812፣ የማድሪድ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የተረፈው በጓያ ዱቄት ገንፎ ነበር። ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ጎያ ሕዝቡ ያንን ገንፎ ሲቃመስ፣ አንዲት ሴት ደግሞ አጠገባቸው መነሳት አቅቷት ተኝታ የሚያሳይ ሥዕል ትቷል። የሠዓሊውና የጥራጥሬው ስም መመሳሰል እንዲያው አጋጣሚ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም ሮማኒያ በምታስተዳድረው የቫፕኒያርካ እስር ቤት ታጉረው የነበሩ አይሁዶች በቀን 400 ግራም ያህል ጓያ ከጥቂት ዳቦ ጋር ይሰጣቸው ነበር። በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ከዳቸው። የበሽታውን ምንጭ ለይቶ የተናገረው ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር ነው። ያ ግፍ ዛሬ ለሐኪሞች ግልጽ የሆነውን ነገር አስተምሯል፤ ጓያ የሚሰብረው አንድ ቀን በመቅመስ ሳይሆን ያለ ሌላ ምግብ ለወራት በመብላት ነው።

መጠኑን በቀላል አነጋገር እናስቀምጠው። በቀን ከሚበላው ምግብ ውስጥ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሲሆንና ይህም ያለ ማቋረጥ ለሁለትና ለሦስት ወር ሲቀጥል አደጋው ይመጣል። ያኔም ቢሆን የሚያዙት ከተመጋቢዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ማን እንደሚያዝ ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በጤፍ እንጀራ ላይ፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ተሠርቶ የቀረበ ሽሮ ጥቂት ጓያ ቢኖርበት ያ ሰው እግሩን ያጣል ብሎ መሸበር አያስፈልግም። ይህ ሲባል ግን ጓያን በሽምብራ ስም መሸጥ ልክ ነው ማለት አይደለም። ገዢው የሚበላውን የማወቅ መብት አለው፤ በተለይም ከጥር በኋላ አዲሱ ጓያ ገበያ ሲገባና የዐቢይ ጾም ሲደርስ በብዙ ቤት ሽሮ ጠዋትም ማታም የሚበላ በመሆኑ መጠኑ ሳይታወቅ ከፍ ሊል ይችላል። በተቻለ መጠን ሽምብራውን፣ አተሩን ወይም ባቄላውን በፍሬው ገዝቶ፣ ለቅሞና ቆልቶ ማስፈጨት ይመረጣል። በፍሬው ጊዜ የመጥረቢያ ምላስ የምትመስለዋ ጓያ በቀላሉ ትለያለች።

በገጠር ደግሞ ሰው በሽታውን በደንብ ያውቀዋል፤ የሚጠነቀቀው ግን ባልሆነ ቦታ ነው። ጓያ በብዛት በሚበላባቸው አካባቢዎች ተመራማሪዎች የመዘገቧቸው እምነቶች አሉ። የጓያ ንፍሮ እንፋሎት ያገኘው ሰው ይሰበራል ይባላል። ገለባው ላይ የተኛ፣ አበባው በፈካበት ማሳ መካከል ያቋረጠም ይሰበራል ይባላል። በዚህ የተነሳ ድስቱ ሲከደንና ሲከፈት ከእንፋሎቱ ይሸሻል፤ ልጆችም ገለባው ላይ እንዳይጫወቱ ይከለከላሉ። ንፍሮው ግን ይበላል። እምነቱ ከንቱ ነው ብሎ መሳቅ ተገቢ አይደለም። ሰዎች በጓያና በእግር መሰበር መካከል ያለውን ግንኙነት ከማንኛውም ሳይንቲስት ቀድመው አይተዋል፤ የሳቱት መንገዱን ብቻ ነው። ኦዳፕ ከእንፋሎት ጋር ተኖ የሚመጣ አይደለም፤ በቆዳም አይገባም። የሚገባው በአፍ ነው። ይህችን አንዲት እውነት በየቀበሌው ማስረዳት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይመስለንም።

ጥንቃቄው መሆን ያለበት አበሳሰሉና አበላሉ ላይ ነው። በደላንታው ወረርሽኝ ጊዜ የአገራችን ተመራማሪዎች ከታማሚዎችና ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ምን በልተው እንደነበር በመጠየቅ ያደረጉት ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ውጤቱ ለእናቶች በቀጥታ ሊነገር የሚገባው ነው። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና ገና ሳይደርቅ በእሸቱ የበሉ ሰዎች የበለጠ ተጠቅተዋል። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ የበሉት ላይ ግን ያን ያህል አደጋ አልታየም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የመሳሰሉ ቅመሞች በገቡበት ወጥ የበሉት ዘንድ አደጋው ወደ ሩብ ዝቅ ብሏል። ጓያቸውን ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉትም ተጠቅመዋል።

ለምን ይህ ሆነ? ቆሎና ንፍሮ ብቻቸውን የሚበሉ ምግቦች ናቸው። እረኛው በኪሱ፣ አራሹ በአቁማዳው ይዞ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ የሚቆረጥመው ይህንኑ ነው፤ ወጣት ወንዶች በብዛት የመያዛቸው አንዱ ምክንያትም ይኸው ይሆን ብለን እንጠይቃለን። መቁላት የኦዳፕን መጠን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ንፍሮም ቢሆን የተቀቀለበት ውሃ ከተመጠጠ መርዙ እዚያው ይቀራል። የእህሉ ጥቅም ደግሞ ሌላ ነው። ጓያ በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም ሰልፈር ያላቸው ሜታዮኒንና ሲስቲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ያንሱታል። እነዚህ ሰውነት ነርቮቹን ከጉዳት ለመከላከል የሚጠቀምባቸው ናቸው። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና በቆሎ ይህን ጉድለት ይሞላሉ። እናቶቻችን ሽሮን በእንጀራ ማቅረባቸው ጓያን ያለ ጉዳት ለመብላት ያገዘ ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

መርዙን በቤት ውስጥ መቀነስም ይቻላል። ኦዳፕ በውሃ ውስጥ ይሟሟል። ክኩን ወይም ፍሬውን በብዙ ውሃ ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት ውሃውን መድፋት ከፊሉን ያስወጣል። በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ ከተቻለም ውሃ እየቀየሩ ደግሞ ማፍላት ደግሞ አብዛኛውን ያስወጣል። ከዚያ በኋላ አድርቆ ማስፈጨት ወይም ወጥ መሥራት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ቫይታሚን አብሮ መሄዱ አይቀርም፤ ከእግር ግን አይበልጥም። ውሃ ከምንጭ በእንስራ የሚቀዳበት፣ ማገዶ በሸክም የሚመጣበት ቤት ይህን ምክር በቀላሉ ሊፈጽም እንደማይችል እናውቃለን። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጥረው ውሃው ነው። ስለዚህ ምክሩን ሰጥቶ «አላደረጉም» ብሎ መውቀስ አይገባም።

ወደ ማሳው እንመለስ፤ የአካባቢና የጤና ጉዳይ የሚገናኙት እዚያ ነውና። በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለው የኦዳፕ መጠን በየዓመቱና በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። ተክሉ ውሃ ሲጠማው መጠኑ ይጨምራል። አፈሩ ዚንክ የተባለው ማዕድን ሲያንሰውም ይጨምራል። ይህ ማለት ድርቅ በሁለት እጁ ይመታል ማለት ነው። በአንድ እጁ ገብሱን፣ ባቄላውንና ምስሩን ወስዶ ጓያን ብቻ ያስቀራል። በሌላው እጁ የቀረውን ጓያ ይበልጥ መርዛማ ያደርገዋል። ሰው ጓያን አብዝቶ የሚበላበት ዓመትና ጓያው የሚከፋበት ዓመት አንድ ይሆናሉ። በዚያ ላይ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚገዛበት ገንዘብ የለም፤ ጥጃውና ዶሮው ተሽጧል፤ ጉልበቱም እህል ፍለጋና ጉዞ ላይ ነው። ከመከላከያዎቹ ሁሉ አንድም የማይቀረው በዚያ ዓመት ነው።

ዝናቡ እየተዛባ በሄደ መጠን ይህ ዓመት ተደጋግሞ ሊመጣ ይችላል። የደጋው ገበሬ ባቄላም ሌላ ጠላት ገጥሞታል፤ «ቆርምድ» የሚሉት የባቄላ በሽታ ከ2000ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ሸዋና በወሎ ማሳውን ሲያጠፋ ቆይቷል። ባቄላ የከዳው ገበሬ መሬቱን ጦም አያሳድርም፤ የሚችል ዘር ይፈልጋል፤ ከሚችሉት መካከል ጓያ ፊት ቀዳሚ ነው።

ታዲያ ጓያን መከልከል መፍትሔ ይሆናል? ሕንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1961 ጀምሮ የጓያ ሽያጭ እንዲታገድ ወስና ነበር፤ ይሁንና ድሃው ገበሬ መዝራቱንና መብላቱን አልተወም። ሌላ ነገር ሳይተኩለት ከሰው እጅ ላይ መብል መንጠቅ ይከብዳል። ከእገዳ ይልቅ የተሻለው መንገድ ሰብሉን ማሻሻል ነው። በዚህ ረገድ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል አነስተኛ ኦዳፕ ያለው ዋሴ የተባለ ዝርያ አውጥቷል። ይህ የሚያበረታታ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የመርዝ መጠን በዘሩ ብቻ ሳይሆን በድርቁና በአፈሩም ስለሚወሰን የተሻሻለው ዝርያ ፈጽሞ መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ጓያ በአመዛኙ ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ንብና ሌሎች ነፍሳት ብናኙን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ያሻግራሉ። የተሻሻለውን ዘር ከነባሩ ጎን የዘራ ገበሬ ከጥቂት ዓመት በኋላ የያዘው ዘር የተቀላቀለ ይሆናል። ስለዚህ ዘሩን ማደስና ጎረቤት ከጎረቤት ተመካክሮ በኩታ ገጠም መዝራት ይጠይቃል።

ሌላው ሥራ የሚጀምረው ከመንግሥት ቢሮ ነው። የምርት ግምገማ ሲደረግ ጓያ ከጥራጥሬ ምርት ጋር ተደምሮ «ይህን ያህል ኩንታል ተገኘ» ይባላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ሌላው ሰብል ጠፍቶ ጓያ ብቻ ያማረበት ወረዳ ከጎተራው ብዛት ይልቅ አደጋው ሊታይ ይገባል። እዚያ ወረዳ እርዳታ መድረስ ያለበት ጓያው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ጓያው ብቻውን መበላት ሲጀምር ነው። የደላንታው ጥናት አድራጊዎችም የእርዳታ እህል በሽታውን ለመቀነስ ሊውል እንደሚችል አሳይተዋል። ጥቂት ስንዴ ወይም በቆሎ በጊዜው ቢደርስ ጓያውን ቀላቅሎ ለመብላት ያስችላል፤ ከሦስት ወር ዘግይቶ ቢደርስ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ እግር አይመልስም።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር እንጨምር። ጓያ ከመብላት ውጭ ምርጫ የሌለው ቤት ያለችውን ጥቂት እህል ለብቻዋ በልቶ ጨርሶ ከዚያ ወደ ጓያው መሄድ የለበትም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለቱን አብሮ ማስፈጨትና እህሉን ማብዛት ይሻላል። ገበያ ወጥቶ ከጓያው ከፊሉን ሸጦ ገብስ ወይም በቆሎ መግዛት ከተቻለ ኪሳራ አይደለም። ለልጆችና ለወጣቶች ጓያ ብቻውን በቆሎ፣ በንፍሮም ሆነ በእሸት መልክ በየቀኑ አይሰጥ። ወደ እርሻና ወደ እረኝነት የሚሄድ ሰው ከቤት ሲወጣ የሚይዘው ስንቅ የጓያ ቆሎ ብቻ እንዳይሆን።

ምልክቱ ሲጀምርም ጊዜ መስጠት አያስፈልግም። ጓያ በሚበላበት ቤት አንድ ሰው ባቱን ቁርጥማት ከያዘው፣ ጉልበቱ ከከበደው፣ ሲራመድ እግሩ ከተጠላለፈ ጓያውን ዛሬውኑ ማቆም አለበት፤ በቶሎ ያቆመ ሰው በሽታው ባለበት ሊቆምለት ይችላል። ከባድ ሥራም ይተው። ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱም የግድ ነው፤ ምክንያቱም እግር የሚያዝለው ጓያ ብቻ አይደለም። የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የእግር መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል አብሮ ካለ የአከርካሪ አጥንት ቲቢን የመሰለ፣ በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም በሽታ ሊሆን ይችላል። «ጓያ ነው፤ መድኃኒት የለውም» ብሎ ቤት መተኛት ሊድን የሚችለውን ሰው ሽባ አድርጎ ያስቀራል።

የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም እንድታውቀው ይደረግ። በአንድ መንደር አንድ ሰው በጓያ ከተያዘ ጎረቤቶቹም የሚበሉት ያንኑ የአንድ ዓመት ምርት፣ በዚያው ድርቅ የበቀለውን ነው።